የውሃ ማለስለሻ መኪናና በወበቅ አገር የሚደርስበት ጣጣ

ድሬዳዋ ያደገ ጓደኛ ያለው ሁሉ ነገሩን ሰምቷል። ሳሙናው በእጅ ላይ ያልቃል እንጂ አረፋ አይወጣውም፤ በሻይ ማንቆርቆሪያውም ውስጥ ነጭ ቅርፊት እየተደራረበ ይወፍራል። ከገፈርሳና ከለገዳዲ የሚመጣውን ውሃ ለለመድነው ግን ይህ ተረት ይመስለናል። ምክንያቱ ከድንጋዩ ነው። የድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዚየም አሟሙቶ ይወጣል፤ የገፈርሳና የለገዳዲ ግን በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነው።

እንዲህ ያለውን ውሃ በኬሚስትሪ «ጠንካራ» እንለዋለን። የሚለካውም በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ማዕድን በካልሲየም ካርቦኔት ተሰልቶ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ነው። በተለመደው አመዳደብ እስከ 60 ያለው ለስላሳ፣ ከ180 በላይ የሆነው እጅግ ጠንካራ ይባላል። ማፍላት ከቢካርቦኔት የመጣውን ክፍል ያወርደዋል፤ ቅርፊቱም እርሱ ነው። ከሰልፌት የመጣው ግን ቢፈላም ባይፈላም እዚያው ይቀራል።

በየቤቱ የሚተከለው ማለስለሻ ሥራው ልውውጥ ነው። በጋኑ ውስጥ ሬዚን የሚባሉ እንደ አሸዋ የደቀቁ እንክብሎች አሉ። እነዚህ ሶዲየም ይዘው ይጠብቃሉ፤ ጠንካራው ውሃ ሲያልፍባቸው አንድ ካልሲየም ይቀበሉና ሁለት ሶዲየም ይለቅቃሉ። ሶዲየማቸው ሲያልቅ ከጎን ካለው የጨው በርሜል ጠንካራ የጨው ውሃ ይሳብባቸዋል፤ ልውውጡ ወደ ኋላ ይመለስና ካልሲየሙ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። አዳምስና ሆልምስ የተባሉ እንግሊዛውያን በ1935 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሰው ሠራሽ ሬዚን ለልውውጥ እንደሚያገለግል ካሳዩ ወዲህ አሠራሩ በመሠረቱ አልተለወጠም።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው። የሚከብደው ጠንካራ ውሃና ወበቅ በአንድ አገር ሲገናኙ ነው። ፍሎሪዳን እንውሰድ። ከታች የኖራ ድንጋይ፣ ከላይ እርጥብ አየር፤ ቤቶቹም አብዛኛውን ጊዜ ምድር ቤት ስለሌላቸው መኪናው የሚቆመው በጋራዥ ወይም በደጅ ነው። ወገኖቻችንም የሚኖሩበት አገር ስለሆነ ነገሩ ከክፍል ትምህርት ያለፈ ጥቅም አለው።

ጨው በክረምት እንደሚርስ እናቶቻችን ያለ ኬሚስትሪ ያውቁታል። ንጹሕ ጨው የአየሩ እርጥበት ከመቶ 75 ገደማ ሲያልፍ ውሃ እየሳበ ይሟሟል፤ ማግኒዚየም ክሎራይድ የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ከዚያ በጣም ባነሰ እርጥበት ይርሳል። አየሩ ሲደርቅ የረጠበው ጨው መልሶ ይጋገራል። ይህ በበርሜሉ ውስጥ ሲደጋገም ከላይ እንደ ክዳን የጠነከረ የጨው ቅርፊት ይሠራል፤ ከሥሩ ያለው ጨው እየሟሟ አልቆ ባዶ ሲሆን ክዳኑ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሰዓቱ ይዞራል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ በርሜሉም ከላይ ሲታይ ሙሉ ነው፤ ግን ወደ ሬዚኑ የሚሄደው ጨው ያነሰው ውሃ ነው። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ ያለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» የሚባለው ለዚህ ክዳን የተነገረ ይመስላል።

ስለዚህ ጨው ለሳምንታት ሳይጎድል ሲቀር ቁጠባ ነው ብሎ ደስ መሰኘት አይገባም። የመጥረጊያ እንጨት ይዞ ከላይ ወደ ታች በዝግታ መውጋት ነው። ክዳን ካለ እንጨቱ ያቆማል፤ ጠርዝ ጠርዙን እየነካኩ ማፍረስ ይቻላል። በርሜሉን ከውጭ በመዶሻ መምታት ግን ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል። ለእርጥብ አገር በርሜሉን እስከ አፉ አለመሙላት፣ ክዳኑን አጥብቆ መዝጋት፣ ንጹሕ ጨው መግዛት ይሻላል። በጋኑ ላይ የሚታየው ላብ ግን አያስደንግጥ፤ ቀዝቃዛ ጋን በሞቃት እርጥብ አየር ውስጥ ሲቆም ማላቡ አይቀርም። ደርቆ ከተጠረገ በኋላ በአንድ ቦታ ብቻ መልሶ የሚረጥብ ከሆነ ያኔ ማፍሰሱን መጠርጠር ነው።

ጨው ማብዛትም ብልህነት አይደለም። ለአንድ ሊትር ሬዚን 100 ግራም ያህል ጨው ቢሰጥ ወደ 46 ግራም ማዕድን ይይዛል፤ ጨው 240 ግራም ሲሆን ግን የሚይዘው ወደ 69 ብቻ ነው። በቀን 1000 ሊትር፣ በሊትር 300 ሚሊግራም ያለው ውሃ የሚጠቀም ቤት በየቀኑ 300 ግራም ማስወገድ አለበት። 30 ሊትር ሬዚን ያለው መኪና በ3 ኪሎ ጨው አራት ቀን ተኩል ገደማ ይሠራል፤ በ7 ኪሎ ከ200 ግራም ደግሞ ሰባት ቀን እንኳ አይሞላም። የቀረው ጨው ወጪ ሆኖ ወደ ፍሳሽ ይወርዳል።

መኪናው መሥራቱን ለማወቅ ከቧንቧው ጥቂት ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ ሁለት ጠብታ ንጹሕ የሳሙና ውሃ ጨምሮ መነቅነቅ ይበቃል። በዱቄት ሳሙና መሞከር ግን አያስተማምንም፤ በጠንካራ ውሃም ሊያረፋ ይችላልና። አረፋው ቆሞ ከሥሩ ያለው ውሃ ጥርት ካለ ለስላሳ ነው፤ ወተት መስሎ ከደፈረሰ ጠንካራው ውሃ እያለፈ ነው።

ከሁሉ በላይ መታሰብ ያለበት የሚጠጣው ውሃ ነው። 300 ሚሊግራሙ ሁሉ ሲወገድ በምትኩ በሊትር 138 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም ይገባል። ለጤነኛ ሰው ከወጡ ጨው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ጨው እንዲቀንስ ሐኪም ያዘዘው የደም ግፊት በሽተኛ ካለ ግን ሁለት ሊትር ሲጠጣ 276 ሚሊግራም ሳያውቀው ይጨምራል። ስለዚህ ቧንቧ ሠራተኛው መኪናውን ሲተክል የማድቤቱ የመጠጥ ቧንቧና የአትክልቱ መስመር ከማለስለሻው በፊት እንዲቀጠሉ ማዘዝ ነው፤ ካልሆነም ሐኪሙን ጠይቆ መጠጡን ብቻ ለይቶ መያዝ ይቻላል።