ሐኪሙ ሩቅ፣ ሽቦው አፍ ውስጥ፦ ብሬስ አድርጋችሁ ጂንካና ደቡብ ኦሞ ለምትኖሩ

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከጂንካ አንድ ጥያቄ ደረሰኝ። "ዶክተር፣ ብሬስ ያሰራሁት አዲስ አበባ ነው። የኋላው ሽቦ ወጥቶ ጉንጬን እየወጋኝ ነው፤ ቀጠሮዬ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። በጥፍር መቁረጫ ልቁረጠው?" ይላል።

አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው መልሱ ቀላል ነው፤ ክሊኒክ ጎራ ብሎ በደቂቃዎች ውስጥ ያስቆርጠዋል። ከጂንካ ግን ወይ አውሮፕላን ነው፣ ወይ በቀይ አፈር፣ በኮንሶና በአርባ ምንጭ አድርጎ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። ቱርሚ ወይም ኦሞራቴ ያለ ሰው ደግሞ ከዚያም ይርቃል። ስለዚህ የእናንተ ጥንቃቄ ከከተሜው ትንሽ ጠንከር ማለት አለበት።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፦ በጥፍር መቁረጫ አትቁረጡት። የተቆረጠው ጫፍ ከበፊቱ የባሰ ሊሾል ይችላል፤ ቁራጩም ወደ ጉሮሮ ሊገባ ይችላል። መጀመሪያ እጃችሁን ታጠቡና በንጹሕ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ሽቦውን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ጥርሱ ገፋ አድርጉት። ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ይስተካከላል። ካልሆነ ቦታውን በጥጥ አድርቃችሁ የብሬስ ሰም (ዋክስ) ለጥፉበት። ካልደረቀ አይይዝም፤ "ዋክሱ አልሰራልኝም" የሚሉኝ ብዙዎቹ ይህንን ነው የሚዘልሉት። የሻማ ሰም ምትክ አይሆንም። የቆሰለውን ጉንጭ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጣችሁ በቀን ሦስት አራቴ ተጉመጥመጡበት። ፎቶ አንስታችሁ ለሐኪማችሁ ላኩለት። መቆረጥ አለበት ካለ እንኳ አቅራቢያችሁ ባለ ጤና ተቋም፣ ከሐኪማችሁ ጋር በስልክ ተነጋግረው ይቁረጡት።

ሽቦውን የያዘችው ትንሿ ብረት (ብራኬት) ከተላቀቀችስ? ሽቦው ላይ ተንጠልጥላ ከሆነ አትጎትቷት፤ በዋክስ ሸፍኗት። ጨርሶ ከወጣች በትንሽ ዕቃ አስቀምጡና ለሐኪሙ ይዛችሁ ሂዱ። በሱፐር ግሉ ለመለጠፍ የሚሞክር ሰው አለ፤ እባካችሁ፣ አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም! ብራኬቷ የሌለችበት ጥርስ እንደታሰበው ስለማይንቀሳቀስ ሕክምናው ይረዝማል። ስለዚህ ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ደውሉ።

ብራኬት የሚያስነቅለው ደግሞ በአብዛኛው ምግብ ነው። እንጀራ በወጥ፣ ገንፎ፣ በደንብ የበሰለ ጎደሬ፣ ሙዝ፣ አቮካዶ... እነዚህ ወዳጆቻችሁ ናቸው። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ግን ሕክምናው እስኪያልቅ ይቆዩ። ሸንኮራን በጥርስ መላጥ፣ አጥንት መጋጥ፣ ጥሬ ሥጋ በጥርስ ይዞ መጎተትም እንደዚያው። በቆሎ እሸት አማረኝ የሚል ሰው ቀቅሎ ፍሬውን በቢላ ይሸልቅቀውና ይብላ፤ የተጠበሰው ይቅርበት። ማንጎም ተቆራርጦ ነው እንጂ በፊት ጥርስ ተነክሶ አይበላም።

ቡና ላይ የምትቀርበዋ ፈንዲሻ ደግሞ ለስላሳ ትመስላለች እንጂ ተንኮለኛ ናት። ቅርፊቷ በሽቦውና በድዱ መሃል ገብታ ድድ ታሳብጣለች። ቡናውም ሆነ ከቡና ገለፈት የሚፈላው ሾፎሮ ራሱ ችግር የለውም። ነጩን ላስቲክ ቢያደበዝዘው፣ እርድ ያለበት አልጫም ቢጫ ቢያደርገው፣ በቀጠሮ ቀን ይቀየራል፤ ጥርስ አይጎዳም። የሚጎዳው ስኳሩ ነው፤ በተለይ ቀኑን ሙሉ ፉት እየተባለ ሲጠጣ። ጫት በለስላሳ መጠጥ እያጣጣሙ ለሰዓታት መቀመጥ ለብሬስ ከማውቀው ሁሉ የከፋው ልማድ ነው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። በብራኬቱ ዙሪያ ቆሻሻ ሲጠራቀም ባክቴሪያው ከስኳሩ አሲድ ይሠራል፤ አሲዱም የጥርሱን ማዕድን ያሟሟል። በዚህ የተነሳ ነጭ ጠባሳ መሰል ምልክት በሳምንታት ውስጥ ሊታይ ይችላል። ብሬሱ ሲወጣ ጥርሱ ቀጥ ብሎ፣ ግን በእያንዳንዱ ላይ የብራኬት ቅርጽ ያለው ነጭ ምልክት ይዞ የሚመጣ ታካሚ አይቻለሁ። ያን ሁሉ ገንዘብና መንገድ አውጥቶ! ምልክቱ ደግሞ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ስለዚህ ቢያንስ ጠዋትና ማታ፣ ሲቻል ከምግብ በኋላ ሁሉ፣ ለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ተጠቀሙ። ብሩሹን አንዴ ከሽቦው በላይ ወደ ድዱ፣ አንዴ ከሽቦው በታች አዘንብሉት። በሽቦው ስር የምታልፈዋን ቀጭን ብሩሽ ከአዲስ አበባ ስትመለሱ ከዋክሱ ጋር በርከት አድርጋችሁ ግዙ። ስለ መፋቂያም ትጠይቁኛላችሁ። መፋቂያ ጥሩ ልማዳችን ነው፤ ብሬስ ላይ ግን ጭረቱ ሽቦው ውስጥ ይሰነቀራል፣ ሲገፋም ብራኬት ይነቅላል። ብሬሱ እስኪወጣ አቆዩት። ድድ ሲደማ መቦረሽ ማቆምም ስህተት ነው፤ የሚደማው በደንብ ስላልጸዳ ነውና።

ሽቦው በተጠበቀ ማግስት ሁለት ሦስት ቀን ማመሙ የሚጠበቅ ነው። ፓራሲታሞል በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን መውሰድ ይቻላል። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ቁራጭ ብረት ተውጦ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ግን የአዲስ አበባውን ሐኪም አትጠብቁ፤ ወዲያውኑ ጂንካ ሆስፒታል ወይም አቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ተቋም ሂዱ።

ቀጠሮን በተመለከተ፣ "ሽቦው አፌ ውስጥ እያለ ምን ይሆናል?" ብሎ አምስት ስድስት ወር የሚጠፋ ሰው አለ። ሽቦው እኮ ዝም ብሎ አይቀመጥም! ሐኪም ሳያየው ጥርስን ወዳልታሰበ ቦታ ሊወስድ ይችላል። መንገዱ ከባድ ከሆነባችሁ ገና ከመጀመሩ በፊት ለሐኪማችሁ በግልጽ ንገሩት፤ ቀጠሮዎቹን አራርቆ ሊያቅድላችሁ ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ብሬሱ ከወጣ በኋላ የሚሰጣችሁን ሪቴይነርም በሙቅ ውሃ አትጠቡት፣ በኦሞራቴ ፀሐይም መኪና ውስጥ ትታችሁት አትውረዱ፤ ፕላስቲኩ ከተጣመመ ጥርሱን አይይዝም።