ገላጭ ድርሰት፦ ቤተ መንግሥትን ጎብኝቶ መጻፍ

ገላጭ ድርሰት ጸሐፊው ያየውን ነገር አንባቢው በዓይነ ኅሊናው እንዲያየው አድርጎ የሚያቀርብ የድርሰት ዓይነት ነው። ተማሪዎች ታሪካዊ ሕንፃ ጎብኝተው ሲጽፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት በቅጽሎች ምርጫ ሳይሆን በማሰሪያ አንቀጽ አጠቃቀም ነው። ዛሬ የቆመውን፣ ቀድሞ የነበረውንና በወሬ የሰሙትን ሁሉ በአንድ «ነው» ያስሩታል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ሰዋስዉን ከማፍረሱም በላይ አንባቢን ያሳስታል።

ከአርባ ምንጭ ተነሥታችሁ በወላይታ ሶዶና በዳውሮ በኩል ብትጓዙ፣ ኦሞን ተሻግራችሁ ጅማ ትደርሳላችሁ። የሚከተለው አንቀጽ ስለዚያ አካባቢ የተጻፈ ነው። በጥሞና አንብቡት።

«ከጅማ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በጅሬን ኮረብታ ላይ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይገኛል። ዋናው ሕንፃ ባለ ፎቅ የእንጨት ሥራ ነው። ንጉሡ ከ1878 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከሃምሳ ዓመት በላይ ጅማን ይገዙ ነበር። በ1880ዎቹ ለምኒልክ ያለ ጦርነት ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው ነበር። ይህን ያደረጉት እናታቸው ጉሚቲ ስለ መከሯቸው ነው ይባላል።»

«ይገኛል» እና «ነው» ዛሬ ሄዳችሁ ልታረጋግጡት የምትችሉትን ያስራሉ። «ይገዙ ነበር» ሲዘወተር የኖረውንና ያለፈውን ድርጊት ያመለክታል፤ ያ የውስጥ ነፃነት በ1932 (እ.ኤ.አ.) ቀርቷልና። «ይባላል» ግን ኃላፊነቱን ከጸሐፊው ወደ ተናጋሪው ሕዝብ ያሸጋግራል። የእናትና የልጅ ምክክር በጓዳ የሚደረግ ስለሆነ፣ ይህን ቃል ማውጣት ያላዩትን አየሁ እንደ ማለት ነው።

አንቀጹ በማሰሪያ ረገድ እንከን የለውም። ሆኖም «ያለ ጦርነት» የሚለውን ሐረግ እንደገና ተመልከቱት። ሐረጉ ለጅሬን እውነት ነው፤ ለጎረቤት ግን አይደለም። የወላይታው ካዎ ጦና አልገብርም ብለው ተዋግተው በ1894 (እ.ኤ.አ.) ሲሸነፉ፣ የአባ ጅፋር ጦር ከምኒልክ ጦር ጋር አብሮ ዘምቶ ነበር። በሂርማታ ገበያ ከሌላው ሸቀጥ ጋር ባሪያም ይሸጥ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ስለ ሰገነቱ ውበት አንድ ገጽ ጽፎ ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ያልጻፈ ጎብኚ፣ ማሰሪያው ቢሰምርም ገለጻው ጎደሎ ነው።

ገብሮ ዙፋንን ማቆየት በሌላም አገር የታየ ነው። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ከአምስት መቶ የሚበልጡ የሕንድ መሳፍንት ለእንግሊዝ የበላይነት አድረው ቤተ መንግሥታቸውን ይዘው ኖረዋል። የማይሶር የእንጨት ቤተ መንግሥት በ1897 (እ.ኤ.አ.) ተቃጥሎ፣ ዛሬ ጎብኚ የሚጎርፍበት ሕንፃ በ1912 ተፈጽሟል። የጅሬኑም ከእንጨት ነውና እስከ ዛሬ መቆየቱ ዕድል ነው!

በጋሞ ደጋ እንዲህ ያለ ሕንፃ አትፈልጉ። በዚያ እያንዳንዱ ደሬ የራሱ ካዎ ነበረው፤ ዳኝነትና ምክክር ግን ሕዝቡ በሚሰበሰብበት አደባባይ፣ በዱቡሻ ይካሄድ ነበር። ለዓይን የሚያስደንቀው የዶርዜ ቤት ነው። ከቀርከሃ ተፈትሎ እንደ ቅርጫት ይሠራል፤ ከፊት ሲያዩት ዝሆን ይመስላል። ግርጌውን ምስጥ ሲበላው ይቆረጣል፤ ስለዚህ ቤቱ ባረጀ ቁጥር እያጠረ ይሄዳል። ብዙ ሰው ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ሊወስደውም ይችላል።

መልመጃ፦ ከመንደራችሁ አንድ ያረጀ ቤት ምረጡ። ባለቤቱን ወይም በዕድሜ የገፋ ጎረቤት ጠይቃችሁ ባለ ሁለት አንቀጽ ገለጻ ጻፉ። ከዚያም «ነው»፣ «ነበር» እና «ይባላል» ባላችሁበት ሁሉ ሥር አስምሩና፣ እያንዳንዱን ማን እንዳየው ወይም ማን እንደ ነገራችሁ በኅዳጉ ላይ አመልክቱ።