የአካል እንቅስቃሴ ለጤና፦ ብሔራዊ ፖሊሲው ከአሶሳ ሲታይ

መግቢያ

የአካል እንቅስቃሴ ሲባል ለብዙዎቻችን ኳስና ሩጫ ብቻ ይመስለናል። ትርጉሙ ግን ከዚህ ይሰፋል፤ ጡንቻ ሠርቶ ጉልበት የሚወጣበት ሁሉ፣ እርሻውም ውኃ መቅዳቱም ጭፈራውም የአካል እንቅስቃሴ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ልጆች ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንዲያደርጉ ይመክራል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የአገራችን ፖሊሲዎች ጉዳዩን እንዴት እንዳዩትና በክልላችን ምን እንደሚቀር የበኩሌን እላለሁ።

ፖሊሲዎቹ

የ1986 ዓ.ም. የጤና ፖሊሲ መከላከልን አስቀድሟል። የ1990 ዓ.ም. የስፖርት ፖሊሲ ደግሞ ሕዝቡ በሚኖርበት፣ በሚማርበትና በሚሠራበት ቦታ በስፖርት እንዲሳተፍ ያስባል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ16 ፓኬጆቹ ያተኮረው በእናቶችና ሕፃናት ጤና፣ በንጽሕናና በተላላፊ በሽታዎች ላይ ነበር። ወባ ለሚያስቸግረው ክልላችን ይህ ተገቢ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች መንገድ ለተሽከርካሪ ተዘግቶ ሕዝቡ በእግሩ የሚንቀሳቀስበትና ስፖርት የሚሠራበት ቀን ተጀመረ።

በእኛ አካባቢ

ታዲያ «ሕዝቡ» ሲባል ማን ነው? የጉሙዝ እናት ዘንግ በትከሻዋ አጋድማ፣ በሁለቱም ጫፍ ሸክም አንጠልጥላ ረጅም መንገድ ትሄዳለች። የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ እንቅስቃሴን በሥራ፣ በጉዞና በትርፍ ጊዜ ከፍሎ ስለሚቆጥር እሷ ከሚፈለገው በላይ ትንቀሳቀሳለች። ለእሷ «ስፖርት ሥሪ» ማለት ቀልድ ነው፤ የሚያስፈልጋት ቅርብ ውኃና ዕረፍት ነው። በአንጻሩ አሶሳ ከተማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ ለአጭር መንገድ ባጃጅ የሚይዝ ሠራተኛ አለ። ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታ ይበልጥ የሚጋለጠው እሱ ነው። በእኔ አመለካከት ለሁለቱም አንድ ዓይነት መልእክት ማስተላለፍ አያዋጣም።

ሌላም ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. በካማሺ፣ በ2013 ዓ.ም. በመተከል በደረሱት ግጭቶች ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል። ሰው በሰላም ወጥቶ መግባት ካልቻለ የእግር ጉዞ ምክር ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ምን ይደረግ?

1ኛ. የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ለሌላ ትምህርት ማካካሻ መሆኑ ይቅር። ኳስ ባይኖር እንኳ ሩጫ፣ ዝላይና የአካባቢው ጨዋታ አለ።

2ኛ. የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ጭፈራዎች በትምህርት ቤት ይሠራባቸው። የሚያስወጡት ወጪ የለም፤ ላብ ግን ያስወጣሉ።

3ኛ. ከተማ ውስጥ ጥላ ያለው የእግረኛ መንገድ ይሠራ፤ በበጋው ሙቀት ማንም ፀሐይ ላይ መሄድ አይወድም።

ማጠቃለያ

ፖሊሲ አለን፤ የጎደለው ማን ብዙ እንደሚለፋ፣ ማን ጭራሽ እንደማይንቀሳቀስ ለይቶ ማየት ነው። እኛ የነገ መምህራን ይህን ከየትምህርት ቤታችን ሜዳ መጀመር እንችላለን።