የአንድ ተጫዋች ካርዶች እንደ ተከታታይ ሰነድ፦ የሮቤርቶ ክሌሜንቴ የቶፕስ ካርዶች ከ1955 እስከ 1973

መግቢያ

የቤዝቦል ካርድ በፊት ገጹ የተጫዋቹን ምስል፣ ስምና ቡድን፣ በጀርባው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የጨዋታ ውጤቶቹን የያዘ አነስተኛ ወፍራም ወረቀት ነው። በአሜሪካ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ከሲጋራ ጋር፣ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በስፋት ከማስቲካ ጋር ተሽጧል። ብዙ ሰብሳቢዎች የአንድን ዓመት እትም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጥር ለማሟላት ይጥራሉ። ሌሎች ግን አንድ ተወዳጅ ተጫዋች መርጠው የእርሱን ካርዶች ብቻ ከዓመት ዓመት ያሰባስባሉ። ይህ ሁለተኛው ልማድ በአብዛኛው የአድናቆት መግለጫ ብቻ ተደርጎ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ልማዱ የጥናት ዘዴም ሊሆን እንደሚችል በአንድ ምሳሌ ማሳየት ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የአሰባሰብ ሥርዓትና የሚያሳየው ነገር

የካርድ አሰባሰብን ሥርዓት ካስያዙት ሰዎች ግንባር ቀደም የሆነው ጄፈርሰን በርዲክ ከ30,000 በላይ የቤዝቦል ካርዶችን ለኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም አበርክቷል። እርሱ ካርዶችን የመደበው በአሳታሚያቸውና በእትማቸው ነበር። ይህ አመዳደብ የአንድን ዘመን የኅትመት ጥበብና የንግድ ስልት ጎን ለጎን ያሳያል። በአንድ ተጫዋች ዙሪያ የሚሰበሰብ ስብስብ ግን የሚነበበው በጊዜ ቅደም ተከተል ነው፤ ስለዚህ ያው አሳታሚ ያንኑ ሰው በተለያዩ ዓመታት እንዴት እንዳቀረበው ይገልጣል።

የተመረጠው ስብስብና ወሰኑ

ሮቤርቶ ክሌሜንቴ በ1934 በፖርቶ ሪኮ፣ ካሮሊና በተባለች ከተማ ተወለደ። ከ1955 እስከ 1972 ለፒትስበርግ ፓይሬትስ ተጫውቷል። ቶፕስ ኩባንያ ከ1955 እስከ 1973 በየዓመቱ በዋናው እትሙ የክሌሜንቴን መደበኛ ካርድ ስላወጣ የካርዶቹ ብዛት 19 ነው። ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር የታየባቸው ካርዶች፣ ተጨማሪ ካርዶችና የሌሎች አሳታሚዎች ሥራዎች እዚህ አልተካተቱም። የስብስቡ ጠባብነት ለጥናት ይጠቅማል። ዛሬ የአንድ ታዋቂ ተጫዋች ካርድ በልዩ ልዩ ቀለምና በተወሰነ ቁጥር፣ አንዳንዱም በአንድ ቅጂ ብቻ ስለሚታተም ስብስቡን ማሟላት ፈጽሞ አይቻልም ማለት ይቀላል። አሥራ ዘጠኙ ካርዶች ግን ጫፋቸው የታወቀ ዝግ ተከታታይ ናቸው።

ስም በተከታታዩ ውስጥ

ካርዶቹ በዓመት ተራ ሲደረደሩ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። በ1955ና በ1956 ካርዶች ላይ የታተመው ስም «ሮቤርቶ ክሌሜንቴ» ነው። ከ1957 እስከ 1969 ባሉት 13 ካርዶች ግን ስሙ «ቦብ ክሌሜንቴ» ሆኖ ይገኛል። ከ1970 እስከ 1973 ባሉት አራት ካርዶች «ሮቤርቶ» ተመልሷል። የ1963ን ካርድ ብቻ የያዘ ሰው «ቦብ» የተጫዋቹ የተለመደ ስም ነው ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። ስሙ በሌላ መተካቱ፣ የቆየበትም ዘመን የሚታወቀው ተከታታዩ ሲሟላ ነው።

ለዚህ ለውጥ የመጀመሪያው አማራጭ ማብራሪያ ማሳጠር የዘመኑ ልማድ ነበር የሚል ነው። እውነትም የቅዱስ ሉዊስ ቡድን ኳስ ወርዋሪ ቦብ ጊብሰን በካርዶቹም በአደባባይም በዚሁ አጭር ስም ይታወቅ ነበር። ልዩነቱ ያለው ባለቤቱ ስሙን በመቀበሉ ላይ ነው። «ቦብ» የእንግሊዝኛው «ሮበርት» ማቆላመጫ ሲሆን ክሌሜንቴ ግን በስፓንኛ ስሙ መጠራትን ይመርጥ ነበር፤ ጋዜጦችና የስፖርት ተንታኞችም «ቦብ» እያሉ ይጠሩት እንደነበር ይታወቃል።

ሁለተኛው ማብራሪያ ስሙ የተመለሰው ተጫዋቹ ዝነኛ ሲሆን ነው የሚል ሊሆን ይችላል። ተከታታዩ ይህንን አይደግፍም። ክሌሜንቴ በመምታት አማካይ ውጤት የናሽናል ሊግ ቀዳሚ የሆነባቸው አራቱም ዓመታት፣ ማለትም 1961፣ 1964፣ 1965ና 1967፣ የሊጉ ኮከብ የተባለበት 1966ም ጭምር፣ በ«ቦብ» ዘመን ውስጥ ይወድቃሉ። እንግዲህ ዝናው ብቻውን ስሙን አላስመለሰለትም።

ዋጋና ማስረጃነት

ገበያው ካርዶቹን በሌላ ሚዛን ይመዝናል። የመጀመሪያው በመሆኑ እጅግ የሚወደደው የ1955 ካርድ ነው። የደረጃ አውጪ ድርጅቶችም የማዕዘኖቹን ስለትና የምስሉን አቀማመጥ መርምረው እስከ 10 የሚደርስ ነጥብ ይሰጣሉ። ለዚህ ጥናት ግን ማዕዘኑ የተልፈሰፈሰ የ1969 ካርድ፣ ከ1970ው አጠገብ ሲቀመጥ፣ ለውጡን እንከን ከሌለው ካርድ እኩል ያስረዳል።

የማስረጃውም ድንበር መታወቅ አለበት። ካርድ የንግድ ሰነድ ነው፤ አሳታሚው ለገዢው ያቀረበውን ስም ይመሰክራል፤ ውሳኔውን ማን በምን ምክንያት እንደወሰነ ግን አይናገርም።

መደምደሚያ

ክሌሜንቴ መስከረም 30 ቀን 1972 ሦስት ሺህኛውን የተሳካ ምት መታ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 31 ቀን፣ በማናጉዋ በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱ የኒካራጓ ሰዎች ርዳታ ጭኖ ሲበር አውሮፕላኑ ወድቆ ሞተ። በ1973 የተለመደው የአምስት ዓመት የጥበቃ ጊዜ ተነሥቶለት በኩፐርስታውን የክብር አዳራሽ ሲገባ ግን በነሐስ ሰሌዳው ላይ «ሮቤርቶ ዎከር ክሌሜንቴ» ተብሎ ተጻፈ። በስፓንኛ ልማድ የአባት ስም ክሌሜንቴ ይቀድማል፤ የእናት ስም ዎከር ይከተላል። ሰሌዳው በትክክለኛው ቅደም ተከተል የተተካው በ2000 ነው። የአንድን ሰው ካርዶች በትዕግሥት ማሰባሰብ እንግዲህ የሰውየው ስም ምን ያህል ጊዜ በሌሎች እጅ እንደቆየ፣ መቼም እንደተመለሰለት ለማወቅ ያስችላል።