«ይዘጋ» የምትለዋን አጥፊያት

ላፕቶፑን እስቲ ወደዚህ አዙሪው። አትሸፍኚው፤ ከኋላሽ ቆሜ አንብቤዋለሁ።

ለኢንተርኔት አስተዳደር ሥልጠናው ማመልከቻ «ፊልምና ሙዚቃ የሚሰርቁ ድረ ገጾች በሕግ እንዲዘጉ እታገላለሁ» ብለሻል። ቆይ፣ ማን ነው የሚዘጋው? ቴሌ? ፍርድ ቤት? የኢንተርኔት አስተዳደር የሚሉት ነገር እኮ ዞሮ ዞሮ ይቺ ጥያቄ ናት።

አሜሪካኖቹ ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ሶፓ የሚባል ረቂቅ ሕግ አመጡ። በውጭ አገር ሆነው የሰው ሥራ የሚቸበችቡ ድረ ገጾችን ስም ኢንተርኔት አቅራቢው እንዲሰውር የሚያስገድድ ነበር። ስሙን ነው ያልኩሽ። አንቺ ከምትጽፊው ስም ጀርባ ቁጥር አለ፤ ስሙ ቢሰወርም ቁጥሩ እዚያው፣ ፊልሙም እዚያው። የሰውዬውን ስልክ ከማውጫ ፍቆ «ከሰፈር ጠፋ» እንደማለት። መሐንዲሶቹ ጮኹ። ጃንዋሪ 18፣ 2012 የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ለ24 ሰዓት ጨለመ፤ በሁለተኛው ቀን ረቂቁ ወደ ጎን ተደረገ።

ምን አሜሪካ ድረስ ወሰደን? እዚሁ እኛ ጋ፣ በእኛ አቆጣጠር በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ የተዘጉ ጊዜ የእማዬ ስልክ ላይ ቪፒኤን የጫነው ማን ነበር? ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልቆየሽም!

ይልቅ የምታውቂውን ጻፊ። ታች መታጠፊያው ላይ ፍላሽ የሚጭነውን ልጅ ጻፊ። «ስንት ጊጋ ነው?» ብሎ ተቀብሎሽ፣ ቀና ሳይል ፎልደሩን ጎትቶ ሲለቀው። የቅጂ መብት አዋጃችን፣ ቁጥር 410፣ የወጣው በ1996 ነው፤ ካሴት በሚገለበጥበት ዘመን። ለራስ መጠቀሚያ አንዲት ቅጂ ብትገለብጪ አይከለክልሽም። አውቆ መብት የጣሰን ግን ሲወጣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይለው ነበር። ልጁ ለራሱ አይደለም የሚገለብጠው። እና አምስት ዓመት ይግባ ትያለሽ? እኔ አልልም። ዘፋኙም ግን የሁለት ዓመት ልፋቱ በወጣ ሌሊት ቴሌግራም ላይ ተለቆ ሲያድር ዝም ይበል አልልም። እዚህ መሃል ላይ ነው ብዕርሽን የምፈልገው። ባለመብቱ አቤት ሲል ቻናሉ በስንት ሰዓት ያውርድ? በሐሰት ክስ የወረደበትስ ለማን ይናገር?

«የወደፊት መሪ» የምትለዋም ትውጣ፤ ሁሉም ይጽፋታል። መሪነት የሚፈተነው ሌላ ቦታ ነው። በኅዳር 2015 17ኛው የዓለም የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ ኢሲኤ አዳራሽ ሲካሄድ ትግራይ ሁለት ዓመት ሙሉ ኢንተርኔት እንደራቃት ነበር። እዚያ ስለ ግንኙነት ለመናገር ምን ዓይነት ጉሮሮ እንደሚጠይቅ አስቢው።

እኔ ያ ጉሮሮ አልነበረኝም፤ በአንዱ ሥልጠና ሦስት ቀን ጥያቄዬን ደብተር ውስጥ አጥፌ ይዤ ተቀምጬ ተመለስኩ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ «ማጠቃለያውን እኔ ልጻፍ» አለችና የራሷን ሐሳብ ከጋራው ሰነድ ላይ አኖረችው። ከገባሽ አንቺም መጀመሪያ «ማጠቃለያውን ልጻፍ» ብለሽ ጠይቂ።

ለመሆኑ ፍላሽ የሚጭነው ልጅ አሁን በጊጋ ነው የሚያስከፍለው ወይስ በፊልም? ውረጂና ጠይቂው፤ መክፈቻሽ ላይ እናስገባዋለን።