17.8 ማለት ታምሜያለሁ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ የመካነ ብርሃን ገበሬ ነኝ። ቁመቴ 1.74 ሜትር፣ ክብደቴ 54 ኪሎ ነው። ጤና ጣቢያ ሄጄ «ቢኤምአይዎ 17.8 ነው፤ ከስተዋል» ተባልኩ። ዳገቱን ግን እንደ ልቤ ነው የምወጣው። ታምሜ ይሆን?

መልስ፦ ስሌቱ ትክክል ነው፤ ኪሎው በቁመት፣ ውጤቱ እንደገና በቁመት ይካፈላል። ከ18.5 በታች ከሲታ፣ ከ25 ጀምሮ ከልክ ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ውፍረት ይባላል። ቀመሩን ያወጣው ቤልጂየማዊው አዶልፍ ኬትሌ ግን የሒሳብና የከዋክብት ሊቅ እንጂ ሐኪም አልነበረም፤ የሚፈልገውም የሕዝብን አማካይ ነበር። ቁጥሩ ጡንቻን ከስብ አይለይም፣ ቦርጭም አያይም። እግረ ረጅም ሰው ላይ ደግሞ ያለ በሽታ ዝቅ ይላል።

ቢሆንም ንቀው አይተዉት። የጎንደር ሐኪሞች በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት፣ በገጠር ኢንሱሊን ከሚወስዱ የስኳር ሕመምተኞች ብዙዎቹ ከሲታ መሆናቸውን አሳይቷል። (ስኳር የወፍራም በሽታ ነው ያለው ማን ነው?) እኔ ብሆን ከቁጥሩ ይልቅ ለውጡን እጠይቃለሁ፦ ድሮም ቀጭን ነዎት፣ ወይስ ሱሪዎ የሰፋዎት ዘንድሮ ነው? ዘንድሮ ከሆነ፣ በተለይ ውሃ ውሃ የሚልዎት፣ ሌሊት ለሽንት የሚነሱ ወይም ሳል የያዘዎት ከሆነ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ስኳርና አክታ ይመርመሩ።