እሳት በጊዜው፤ ስለ አሮጌ የጀልባ ሞተር አስተካከል

ብዙዎቻችን የጀልባን ሞተር የምናውቀው ከተሳፋሪው ወገን ሆነን ነው። ነጂው ገመዱን ሦስት አራት ጊዜ ይጎትታል፤ ሞተሩ እንቢ ሲል ካንዴላውን ይፈታል፥ በልብሱ ይጠርገዋል፥ መልሶ ይጎትታል። በዚህ መካከል ጀልባዪቱን ነፋስ ወደ ወደደው ይወስዳታል። ጣናን የሚያውቅ ሁሉ ከቀትር በኋላ የሚነሣው ነፋስ የሚቀለድበት እንዳልሆነ ያውቃል። እንዲህ ያለው ችግር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከትልቅ ስብራት አይደለም፤ ከግማሽ ሚሊሜትር ክፍተት መዛባት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናጠናው ይህን ግማሽ ሚሊሜትር ነው።

የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች በሞተር ነገር ምን አገባችሁ የሚለን ጓደኛ አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው፤ በሞተር የሚሳፈር ሁሉ ያገባዋል። ደግሞም ነገሩ የጡንቻ ሳይሆን የማሰብ ጉዳይ መሆኑን አንባቢው ወደ ታች ሲወርድ ይረዳዋል።

ሞተሩ የትኛው ነው?

የምንነጋገርበት ሞተር ከጀልባው ኋላ የሚንጠለጠለው፥ ሁለት ሲሊንደር ያለው፥ ቤንዚንና ዘይት ተደባልቆ የሚሰጠው ዓይነት ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን። በኖርዌይ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ በሚልዋኪ ከተማ ሞተሩን ለገበያ ያቀረበው በ1909 ነው። ከእርሱ በፊት የሞከሩ ነበሩ፤ ነገር ግን ንግዱን ያስፋፋው እርሱ ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የጆንሰን ወንድማማቾች ተከተሉ፤ በ1930ዎቹም ሁለቱ ስሞች በአንድ ኩባንያ ሥር ተጠቃለሉ። ያ ኩባንያ በ2000 መጨረሻ ከሰረ፤ በኤቪንሩድ ስም ሞተር መሥራትም በ2020 ቆመ። ሆኖም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩት ጆንሰንና ኤቪንሩድ ሞተሮች፥ ጠባያቸውን የሚያውቅ ሰው ከያዛቸው፥ እስከ ዛሬ ይሠራሉ። ከ1970ዎቹ ወዲህ በተሠሩት ላይ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እየተተካ ስለ ሄደ፥ የምንገልጸው ሥራ የሚመለከተው ፑንቲና ያላቸውን አሮጌዎቹን ብቻ ነው።

እሳቱ ከየት ይመጣል?

ትንሹ የጀልባ ሞተር እሳቱን ለመስጠት ባትሪ አይፈልግም፤ ኤሌክትሪኩን ራሱ ያመነጫል። ከላይ የሚዞረው ከባድ የብረት ጎማ ቮላኖ ይባላል፤ በውስጡ ማግኔት ተቀብሯል። ከቮላኖው ሥር አንድ ሳሕን የመሰለ ብረት አለ፤ በሳሕኑ ላይ ለያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ቦቢና፥ አንድ ፑንቲናና አንድ ኮንደንሰር ተተክለዋል። እግረ መንገዳችንን እንበልና፥ ካንዴላ፥ ቦቢና፥ ቮላኖ፥ ፑንቲና የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ ወደ ጋራዣችን የገቡ ናቸው።

ቮላኖው ሲዞር ማግኔቱ በቦቢናው አጠገብ ያልፋል፤ በዚህን ጊዜ በቦቢናው ወፍራም ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይነሣል። ፑንቲናው እንደ በር ነው። ሁለቱ ጫፎቹ ተገጥመው ሳሉ ኤሌክትሪኩ ይዞራል። በኮሎው ላይ ያለው ጉብታ መጥቶ የፑንቲናውን እግር ሲገፋው ጫፎቹ ይለያያሉ፥ ኤሌክትሪኩም በድንገት ይቋረጣል። በዚያች ቅጽበት በቦቢናው ቀጭንና ረጅም ሽቦ ውስጥ ከ10,000 ቮልት በላይ ይወለድና በካንዴላው ጫፍ ላይ ይዘላል። የኮንደንሰሩ ሥራ በፑንቲናው ጫፎች መካከል ብልጭታ እንዳይነሣና ጫፎቹ እንዳይቃጠሉ መከላከል ነው። አንባቢው አጥብቆ መያዝ ያለበት ይህን ነው፤ እሳቱ የሚዘለው ፑንቲናው ሲዘጋ ሳይሆን ሲከፈት ነው።

ሁለቱ ጊዜዎች

ቤንዚንና አየር በአንድ ጊዜ ቦግ ብሎ አያልቅም፤ እሳቱ ከካንዴላው ተነሥቶ እስኪዳረስ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል። ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ መውረድ ሲጀምር ኃይሉ እንዲያገኘው፥ እሳቱ ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ አስቀድሞ መለኮስ አለበት።

ስንት አስቀድሞ? ለምሳሌ ያህል እሳቱ ለመዳረስ የሰኮንድ አንድ ሺሕኛ ያስፈልገዋል እንበል። ሞተሩ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር፥ በሰኮንድ 24,000 ዲግሪ ይዞራል ማለት ነው፤ ስለዚህ በአንድ ሺሕኛ ሰኮንድ 24 ዲግሪ ይሄዳል። በደቂቃ 800 ጊዜ ብቻ ሲዞር ግን በዚያው ጊዜ የሚሄደው 5 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ለዝግታ የሚስማማው ጊዜ ለፍጥነት አይስማማም።

እሳቱ ከቀደመ፥ ወደ ላይ የሚወጣውን ፒስተን ወደ ታች ይመታዋል፤ ገመዱ የሳቢውን እጅ መልሶ ይነጥቃል፤ ሞተሩ ያንኳኳል፤ እየቆየም ፒስተኑ ይቀልጣል፥ ይበሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው። እሳቱ ከዘገየ ደግሞ ፒስተኑ ወርዶ ካለፈ በኋላ ይደርሳል፤ ኃይሉ በጭስ ማውጫው ይጠፋል፥ ሞተሩ ያለ ጉልበት ይግላል። ይህም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ሠሪዎቹ ይህን በብልሃት አቃልለውታል። ነጂው ቤንዚን ሲጨምር ሳሕኑ ራሱ ይዞራል። ሳሕኑ ቮላኖው ከሚዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒ ሲዞር፥ የፑንቲናው እግር ጉብታውን ቀድሞ ያገኘዋል፤ እሳቱም ይቀድማል። ቤንዚኑ ሲቀነስ ሳሕኑ ይመለሳል፥ እሳቱም ይዘገያል።

የትምህርታችን ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። በዚህ ሞተር ውስጥ ያለው ጊዜ አንድ አይደለም፥ ሁለት ነው። አንደኛው የፒስተኑ ጊዜ ነው፤ ይኸውም እሳቱ ፒስተኑ የት ሲደርስ ተለኮሰ የሚለው ነው። ሁለተኛው የማግኔቱ ጊዜ ነው፤ ይኸውም ፑንቲናው የተከፈተው ማግኔቱ በቦቢናው ውስጥ ያስነሣው ኤሌክትሪክ በበረታበት ቅጽበት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። ሳሕኑ ሲዞር ቦቢናውና ፑንቲናው አብረው ስለሚዞሩ የፒስተኑ ጊዜ ይለወጣል፥ የማግኔቱ ጊዜ ግን አይነካም። የፑንቲናው ክፍተት ሲሰፋ ወይም ሲጠብ ግን ሁለቱም ይዛባሉ። ክፍተቱን አስፍቶ እሳቱን ላስቀድም የሚል ሰው፥ እሳቱን ያስቀድማል፥ ነገር ግን ያደክመዋል። ስለዚህ የዚህ ሞተር እሳት የሚስተካከለው ክፍተቱን በልኩ በማድረግ ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል

1ኛ. የቤንዚኑን መስመር ማላቀቅ፥ ሁለቱንም ካንዴላዎች መፍታት። ካንዴላው ከወጣ ሞተሩ በድንገት ተነሥቶ እጅ አይቆርጥም፤ በእጅ ለማዞርም ይቀላል።

2ኛ. የገመዱን ቤት፥ ቀጥሎም የቮላኖውን ዳዶ መፍታት። ቮላኖው በሾጣጣው ዘንግ ላይ ጠብቆ ስለሚቀመጥ በመንቀያ ይነቀላል፤ መንቀያው በቮላኖው ላይ ባሉት ሦስት የብሎን ቀዳዳዎች ይታሰራል። በካቻቢቴ ከሥሩ መፈንቀል ወይም የኮሎውን ጫፍ በመዶሻ መምታት ሞተሩን መግደል ነው።

3ኛ. በቮላኖውና በኮሎው መካከል ያለችውን ትንሽ የብረት ሽብልቅ መመርመር። እርስዋ በከፊል ከተቆረጠች ቮላኖው ከቦታው ይሸሻል፤ ከዚያ ወዲያ ፑንቲናውን ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው። ኮሎውንም ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል፤ የላይኛው መሸከሚያ አልቆ ከተወዛወዘ የክፍተቱ ልክ በየዙሩ ይለዋወጣል።

4ኛ. የፑንቲናውን ጫፎች ማየት። የተበሉና የተቃጠሉ ከሆኑ በአዲስ መለወጥ፤ ደኅና ከሆኑ ንጹሕ ወረቀት በመካከላቸው አስገብቶ ዘይቱንና እድፉን መጥረግ። በጣት የተነካ ፑንቲና እሳት ሊከለክል ይችላል።

5ኛ. የፑንቲናው እግር በጉብታው አናት ላይ እስኪወጣ ድረስ ኮሎውን ማዞር። ጫፎቹ እጅግ የሚራራቁት በዚህ ቦታ ነው። የብዙዎቹ ጆንሰንና ኤቪንሩድ ሞተሮች ልክ 0.020 ኢንች፥ ማለት ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስሱን የብረት መለኪያ ከዘይት አጽድቶ ማስገባት፤ ሳይገፋ ጥቂት ያዝ እያደረገ ካለፈ ልክ ነው። ማጥበቂያው ብሎን ሲጠብቅ ክፍተቱ ሊለወጥ ስለሚችል፥ ካጠበቁ በኋላ እንደገና መለካት ያስፈልጋል። የሁለተኛው ሲሊንደር ፑንቲናም እንደዚሁ ይደረጋል።

6ኛ. በመብራት መመስከር። የቦቢናውንና የኮንደንሰሩን ሽቦ ከፑንቲናው ማላቀቅ፤ ካልተላቀቀ ኤሌክትሪኩ በቦቢናው በኩል ስለሚያልፍ መብራቱ ይዋሻል። ከዚያ አንድ ባትሪና ትንሽ አምፑል ወስዶ አንዱን ጫፍ ከፑንቲናው፥ ሌላውን ከሳሕኑ ብረት ጋር ማገናኘት። ፑንቲናው ተዘግቶ ሳለ አምፑሉ ይበራል፥ ሲከፈት ይጠፋል። ቮላኖውን በሽብልቋ ላይ መልሶ አስቀምጦ፥ ከላይ ሲታይ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ እያሉ ማዞር። በብዙዎቹ ሞተሮች በሳሕኑ ጠርዝ ላይ ሁለት ጭረቶች፥ በቮላኖው ላይ ደግሞ ምልክት አለ። አምፑሉ መጥፋት ያለበት የቮላኖው ምልክት በሁለቱ ጭረቶች መካከል ሲደርስ ነው። ምልክቱ ሳይደርስ ከጠፋ ክፍተቱ ሰፍቷልና ጥቂት ማጥበብ፤ ካለፈ በኋላ ከጠፋ ጠቧልና ጥቂት ማስፋት። ሁለተኛው ፑንቲና መከፈት ያለበት ልክ ግማሽ ዙር፥ ማለት 180 ዲግሪ ቆይቶ ነው። ምልክቱን ለማግኘት ክፍተቱን ከልኩ አርቆ መውሰድ ግድ ከሆነ፥ ጥፋቱ ሌላ ቦታ አለና ወደ 3ኛው ተመልሶ መመርመር ይሻላል።

7ኛ. ሳሕኑንና ካርቡሬተሩን ማስማማት። ከሳሕኑ ሥር ያለው ገፊ ብረት የካርቡሬተሩን ትንሽ ተሽከርካሪ መግፋት የሚጀምረው፥ በገፊው ላይ የተጫረው ምልክት ከተሽከርካሪው ፊት ሲደርስ መሆን አለበት። ቤንዚኑ ከእሳቱ ቀድሞ ከተከፈተ ሞተሩ ይንተባተባል።

8ኛ. ሽቦዎቹን መልሶ ማሰር፥ የዘንጉንና የቮላኖውን መጋጠሚያ ከዘይት ማጽዳት፥ ዳዶውንም በሠሪው መመሪያ በተጻፈው ኃይል ማጥበቅ። ዳዶው ከላላ ሽብልቋ ትቆረጣለች። ሙከራው በጀልባ ላይ ወይም ውሃ በሞላ በርሜል ይደረግ፤ ያለ ውሃ ከተነሣ የውሃ መሳቢያው ጎማ በጥቂት ጊዜ ይቃጠላል። ጭሱ ገዳይ ስለሆነ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር አይነሣ።

የከፍታው ነገር

እነዚህ ሞተሮች የተሠሩት ከባሕር ወለል ብዙ ከፍ ላላለ አገር ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፥ በዚያ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ በየዙሩ የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚያንስ ጉልበቱም ይቀንሳል። ይህን ድካም የእሳት መዘግየት ነው ብሎ ፑንቲናውን የሚያሰፋ ሰው፥ ቀድሞ እንዳየነው፥ የደከመውን ሞተር ይባስ ያደክመዋል። ለከፍታ የሚሆነው መድኃኒት የቤንዚኑን መጠን ማስማማት፥ ውሃ ቀዛፊውንም ለሞተሩ በሚቀልለው መለወጥ፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጭነቱን ልክ ማወቅ ነው።

ጆሮና መለኪያ

ብዙ ነጂዎች ሞተርን በጆሮ ያስተካክላሉ። ጆሮአቸውን አንንቅም፤ የብዙ ዓመት ትምህርት አለበት። ነገር ግን ጆሮ የሚሰማው ሞተሩ አሁን በሚዞርበት ፍጥነት ያለውን ድምፅ ብቻ ነው። በወደቡ ላይ በሚኒሞ ያማረ ድምፅ፥ በሐይቁ መካከል ከሙሉ ጭነት ጋር ለሚሰጠው እሳት ዋስ አይሆንም። ጆሮ ሁለቱን ጊዜዎች ለይቶ አይሰማም፤ አምፑሉና ሁለቱ ጭረቶች ግን ይለያሉ።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን የምናቀርበው አሳብ ቀላል ነው። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ፥ በሐይቅ ዳር የምንኖር ሁሉ፥ አንድ ስስ መለኪያ፥ አንድ ባትሪና አንድ አምፑል ይዘን ከጀልባ ነጂዎቹ ጋር እንቀመጥ። እኛ ምክንያቱን እንንገር፤ ከእነርሱም የእጁን ሥራ እንማር። መለኪያው ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሥራውም ከግማሽ ቀን አያልፍም። በዚያች ጀልባ የሚሳፈሩት ግን እናቶችና ሕፃናት፥ ካህናትና ነጋዴዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ዋና አይችሉም።